ሩት ሞዓባዊት ነች፤ ታዲያ «እስከ አሥር ትውልድ አይግባ» የተባለው ሕግ የት ገባ?

ቃርሚያ (ክሩን የከፈተች)

ሰላም ለሁላችሁ። ረጅም ነው፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

ባለፈው እሑድ ቤት ተሰብስበን ነበር። ታናሽ ወንድሜ ሊያገባ ነው። ልጅቷ ከሌላ ብሔር ነች፣ አፍ የፈታችበት ቋንቋም ሌላ ነው፣ ሃይማኖታችን ግን አንድ ነው። ትልቁ አጎቴ ሽማግሌ ሆኖ እንዲሄድ ሲጠየቅ መልስ አልሰጠም። መጽሐፍ ቅዱስ አስመጣና መነጽሩን አድርጎ ዕዝራ 10ን አነበበልን። እንግዳ ሚስቶቻችሁን ስደዱ የተባለበትን። ቀጥሎ ነህምያ 13፣ ከዛ ዘዳግም 23። ቤቱ ጭጭ አለ። እናቴ ቶናውን ሳትቀዳ ጀበናውን ይዛ ቀረች።

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ «ሩትስ?» አልኩት። «ሩት ሌላ ነች» አለ። ምኗ ነው ሌላ? «እሷ አምናለች» አለና መጽሐፉን ዘጋው።

ማታ ቤቴ ገብቼ መጽሐፈ ሩትን አንድ ጊዜ ቁጭ ብዬ ጨረስኳት። 4 ምዕራፍ፣ 85 ቁጥር ናት፣ እንጀራ እስኪበስል ታልቃለች ማለት ይቻላል። ግራ የገባኝ ግን ይሄ ነው። ዘዳግም 23 አሞናዊና ሞዓባዊ ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ አይግባ፣ እስከ አሥረኛ ትውልድ ድረስ አይግባ ይላል። ሩት ሞዓባዊት ነች። ሩት ኢዮቤድን ወለደች፣ ኢዮቤድ እሴይን፣ እሴይ ዳዊትን። ይሄ አሥር አይደለም፣ ሦስት ነው! ሦስተኛው ትውልድ ላይ ጉባኤው ውስጥ መግባት ብቻ ሳይሆን ዙፋኑ ላይ ተቀምጧል።

ታዲያ ሕጉ የት ገባ? ዕዝራ በሩት ዘመን ቢኖር ኖሮ ባሏን ቦዔዝን «ፍታት» ይለው ነበር ወይ? የምታውቁ አስረዱኝ። «ምሥጢር ነው» ብላችሁ እንዳታልፉኝ ብቻ።

---

ሕግ ይከበር

እህቴ፣ አጎትሽ ያነበቡት እኮ ከራሳቸው አይደለም፣ ተጽፎ ነው። ሞዓብ ለምን እንደተከለከለ ማወቅ ከፈለግሽ ዘኍልቍ 25ን አንብቢ። እስራኤል ሰጢም ሰፍሮ ሳለ ከሞዓብ ሴቶች ጋር ጀመሩ፣ ሴቶቹ ወደ አማልክታቸው መሥዋዕት ጠሯቸው፣ በሉ፣ ሰገዱ፣ ከብዔል ፌጎር ጋር ተባበሩ። መቅሠፍት መጣ፣ 24,000 ሰው ሞተ። በኋላም ያው ነው። ሰሎሞን ሞዓባውያት አገባና ከኢየሩሳሌም ፊት ለፊት ባለው ተራራ ላይ ለሞዓብ ጣዖት ለካሞሽ መስገጃ ሠራ። ያ ሁሉ ጥበብ አላዳነውም። ስለዚህ ነገሩ ዘረኝነት አይደለም፣ የታማኝነት ጉዳይ ነው። ሚስት ልብን ይዛ ትሄዳለች።

---

እንግዳ 23

ልቡ ቀድሞ የሄደው ሰሎሞን ነው፣ ጥፋተኛዋ ግን ሚስት። እሺ።

---

የደብተራ ልጅ

ሕግ ይከበር ወንድሜ፣ ዘኍልቍ 25ን በትክክል ነው የጠቀስከው። ግን ዘዳግም 23 ምክንያቱን ራሱ ይናገራል እኮ፣ ብዔል ፌጎርንም አያነሳም። ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚለው። አንደኛ፣ ከግብፅ ወጥታችሁ በመንገድ ሳላችሁ እንጀራና ውኃ ይዘው አልተቀበሏችሁም። ሁለተኛ፣ እንዲረግማችሁ የቢዖርን ልጅ በለዓምን በገንዘብ ገዙባችሁ። አለቀ። ክሱ እንግዳ አለመቀበልና እርግማን መግዛት ነው።

ዝምድናውንም አትርሱት። ሞዓብ ሩቅ ሰው አይደለም። የሎጥ የልጅ ልጅም ልጅም ነው (ዘፍጥረት 19ን አንብባችሁ ራሳችሁ ቁጠሩት፣ እኔ እዚህ አልዘረዝርም)። ስሙ ራሱ «ከአባት» የሚል ድምፅ አለው፣ «አብ» የምትለዋ ቃል የኛም ነች። ሎጥ ደግሞ የአብርሃም ወንድም ልጅ ነው። ስለዚህ የሁለቱ ጠብ የዘመድ ጠብ ነው፣ የዘመድ ጠብ ደግሞ እንዴት እንደሚመር ርስት የተካሰሰ ሰው ያውቀዋል። ዘዳግም 2 ላይ እግዚአብሔር ሙሴን ሞዓብን አትጣላ፣ አገራቸውን ለሎጥ ልጆች ሰጥቻለሁ ይለዋል። እዛው ምዕራፍ ቁጥር 29 ላይማ በዔር የሚኖሩ ሞዓባውያን መብልና ውኃ በገንዘብ እንደሸጡላቸው የሚመስል ነገር አለ። ሸጡ እንጂ አልሰጡም ብለው የሚያስታርቁት መምህራን አሉ።

ሌላም ልጨምር። ዘዳግም 7 ላይ አትጋቡ የተባሉት ሰባት ሕዝቦች ናቸው፣ ኬጢያዊ፣ ጌርጌሳዊ፣ አሞራዊ እያለ ይዘረዝራል። ሞዓብ እዛ ዝርዝር ውስጥ የለም። ዕዝራ 9 ላይ ነው ሞዓብና አሞን ከከነዓናውያኑ ጋር አንድ ላይ የተደረደሩት። በመካከል ብዙ መቶ ዓመት አለ፣ ኢየሩሳሌም ፈርሳ፣ ሕዝቡ ባቢሎን ወርዶ፣ ጥቂቱ ተመልሶ፣ እንጠፋለን የሚል ፍርሃት ነግሦ። ነህምያ ልጆቹ ግማሾቹ የአዛጦን ቋንቋ ይናገራሉ፣ አይሁድኛ አያውቁም ብሎ ነው የተቆጣው። ጠጉራቸውን እስከ መንጨት ደርሷል። ሰውዬው ምን እንደፈራ ይገባኛል። ግን ለሱ ዘመን የተደረገን ነገር አምጥቶ ለአንቺ ወንድም ሠርግ ማንበብ ሌላ ነው።

---

የሐይፋዋ

ሻሎም ከሐይፋ። እኔ ቤተ እስራኤል ነኝ። እዚህ ሻቩዖት በመጣ ቁጥር ሩት በምኵራብ ስትነበብ እሰማለሁ፣ የገብስና የስንዴ አጨዳ ወቅት ስለሆነ ይገጥማል። ለኛ ለቤተ እስራኤል ደግሞ ሩት ከኦሪት ተለይታ አታውቅም። ኦሪታችን ስምንት መጽሐፍ ነው፣ ከዘፍጥረት ተነስቶ በሩት ያልቃል። የናንተም ብሔረ ኦሪት እንደዛው ነው መሰለኝ፣ የደብተራ ልጅ ታርመኝ።

የጠየቅሽው ጥያቄ በጣም የቆየ ነው ቃርሚያ። ታልሙድ ውስጥ ራሱ፣ የአይሁድ ሊቃውንት ክርክር በተሰበሰበበት መጽሐፍ፣ ተጨቃጭቀውበታል። ታሪኩ እንዲህ ነው። ዳዊት ጎልያድን ሊገጥም ሲወጣ ሳኦል ይሄ የማን ልጅ ነው ብሎ ጠየቀ። ዶይቅ ኤዶማዊው ተነስቶ፣ የማን ልጅ ነው ብለህ ከምትጠይቅ መጀመሪያ ወደ ጉባኤ መግባት ይችል እንደሆነ ጠይቅ፣ ከሞዓባዊቷ ሩት ነው የመጣው አለ። አበኔር ደግሞ መለሰለት፦ ሕጉ «ሞዓባዊ» ነው የሚለው፣ «ሞዓባዊት» አይልም። በመጨረሻ ሚሽና ላይ፣ የታልሙድ መሠረት በሆነው የሕግ መጽሐፍ፣ የጸናው ይሄ ነው። ወንዱ ለዘላለም ክልክል፣ ሴቷ ግን ወዲያውኑ ትገባለች። ለምን ቢባል፣ መንገደኛ ሲመጣ እንጀራና ውኃ ይዞ መውጣት የወንድ ወግ ነው፣ ሴቶቹ ስላልወጡ አይከሰሱም።

ከዛም ሌላ ቀን አንድ ይሁዳ የሚባል አሞናዊ ወደ ጉባኤ ልግባ ብሎ መጣ። ረባን ገማልያል አትገባም አለው። ረቢ ያሹዋ ግን፣ የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም ሕዝቡን ሁሉ አደባልቆታል፣ ዛሬ ማን አሞናዊ ማን ሞዓባዊ እንደሆነ ማን ያውቃል አለ። አስገቡት። ሕጉ እንደተጻፈ አለ፣ የሚሠራበት ሰው ግን ጠፋ ማለት ነው።

---

ጥቁር ቡና

«ሴቷ ትገባለች፣ ወንዱ አይገባም»፣ ይቺ ጠበቃ የሚፈጥራት ዓይነት ናት፣ አከበርኳት 😂 ግን አንድ ነገር አልገጠመልኝም። ሴቷ ወዲያውኑ የምትፈቀድ ከሆነ ዕዝራ ያስባረረው እኮ ሴቶቹን ነው! ነህምያ 13 መጀመሪያው ላይም ዘዳግም 23ን አንብበው ነው ድብልቁን ሕዝብ ሁሉ የለዩት። ስለዚህ ወይ ነህምያ ሕጉን ሌላ መንገድ አንብቦታል፣ ወይ የአበኔር ትርጉም የመጣው ዳዊት ከነገሠ በኋላ ጉዱን ለማስተካከል ነው። እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል። ንጉሡን ማውረድ አይቻል፣ ሕጉን መፋቅ አይቻል፣ ታዲያ ምን ይደረግ፣ ሰዋስው ይታያል።

---

የሐይፋዋ

ጥቁር ቡና፣ እነሱም ለዚህ መልስ አላቸው፣ በዕዝራ ጊዜ የነበሩት ሴቶች አምላክሽ አምላኬ አላሉም ይላሉ። እውነቱን ለመናገር ዕዝራ ላይ ማንም ሴቶቹን ጠይቆ አልጻፈም። ምን እንዳሉ፣ ወዴት እንደሄዱ፣ ልጆቹን ማን እንዳሳደገ አይነገረንም።

ይሄ ነገር ለኔ ወረቀት አይደለም። ወላጆቼ በሱዳን በኩል ነው የመጡት። በአውሮፓውያን 1985 የዚህ አገር የሃይማኖት ባለሥልጣናት አይሁድነታችሁ ያጠራጥራል፣ ለጋብቻ እንድትመዘገቡ የውኃ ሥርዓት ፈጽሙ ሲሉ የኛዎቹ ኢየሩሳሌም በሚገኘው ጽሕፈት ቤታቸው ደጃፍ ላይ አንድ ወር ገደማ ተቀምጠው ተቃውመዋል። አባቴ እዛ ከተቀመጡት አንዱ ነበር። «በመንገድ ላይ እየሞትን የመጣነው ለማን ነበር?» ይላል እስካሁን። ስለዚህ ሩት ስትነበብ እኔ የምሰማው ሌላ ነገር ነው። ልጅቷ ሕዝብሽ ሕዝቤ፣ አምላክሽ አምላኬ ካለች በኋላም፣ ቤተ ልሔም ከገባች በኋላም፣ መጽሐፉ «ሩት ሞዓባዊቱ» ማለቱን አይተውም። ቁጠሩት፣ አምስት ጊዜ ነው። አንዴ ደግሞ የአጫጆቹ አለቃ «ከኑኃሚን ጋር የመጣችው ሞዓባዊት ልጅ» ይላታል (ኑኃሚን አማቷ ናት)፣ ስሟን ሳይጠራ።

---

ቃርሚያ

የሐይፋዋ፣ ይሄንን አጎቴ ቢሰማው። አባትሽን ሰላም በይልኝ።

አምስት ጊዜ መሆኑን አላስተዋልኩም ነበር። እኔ የመሰለኝ ደራሲው እኛን እያስታወሰን ነው፣ እንዳትረሱ፣ ይቺ ሞዓባዊት ነች እያለ። ሊደብቃት አልፈለገም። እኛ ብንሆን ሰው ሲወደድ መጀመሪያ የምንደብቀው ዘሩን ነው፤ «እንደኛ ናት እኮ፣ አታስታውቅም» እንላለን።

---

ማደባ ዳር

እኔ ዮርዳኖስ ነው የምሠራው፣ ማደባ አካባቢ፣ ሰው ቤት። ሞዓብ ማለት የምኖርበት መሬት ነው። አርኖን የሚባለው ወንዝ ዛሬ ዋዲ ሙጂብ ይባላል፣ ጥልቅ ገደል ነው፣ መንገዱ እንደኛ ዓባይ በረሃ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ከላይ ግን ሜዳ ነው፣ ስንዴና ገብስ የሚዘራበት። ስለዚህ ቤተ ልሔም ሲራብ ሰውዬው ቤተሰቡን ይዞ ወደዚህ መሻገሩ አይገርመኝም።

አንድ ዓርብ እመቤቴ ፈቃድ ሰጥታኝ ናባው ተራራ ሄድኩ፣ ሙሴ ቆሞ ያየበት የሚባለው። አየሩ ጥርት ያለ ነበር። ሙት ባሕር ከታች ተዘርግቷል፣ ከማዶው ደግሞ የይሁዳ ተራሮች። አስጎብኚው ያ ኢየሩሳሌም ነው፣ በግራ በኩል ደግሞ ቤተ ልሔም ይሆናል አለን። በቃ ማዶ ለማዶ እኮ ነው! እኔ ሩት ሩቅ አገር የሄደች ይመስለኝ ነበር። ቤቷን እያየች ነበር የምትቃርመው። መመለስ ከፈለገች መንገዱን ታውቀዋለች፣ ማታ ማታ ተራራው ላይ የአገሯን እሳት ሳታይ አትቀርም። እኔ በአውሮፕላን ስለመጣሁ መመለስ አይታየኝም፣ እሷ ግን በእግሯ የምትመለስበት አገር እያለ ነው የቀረችው። ይሄን ሳስብ ትንሽ አለቀስኩ፣ ለማንም አልተናገርኩም፣ ለናንተ ነው የነገርኳችሁ።

ደግሞ ከማደባ በታች ዲባን የሚባል ከተማ አለ። በ1868 የሞዓብ ንጉሥ ያስቀረጸው ድንጋይ የተገኘው እዛ ነው፣ የኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሞሳ የሚለው ንጉሥ (2ኛ ነገሥት 3)። ድንጋዩ አሁን ፓሪስ ሉቭር ነው።

---

የደብተራ ልጅ

ማደባ ዳር እግዜር ይስጥሽ፣ ያቺን ድንጋይ ስላነሳሽልኝ። ስለሷ አንድ ነገር ልበል፣ ከጉዳያችን አልወጣም።

ሞሳ እዛ ድንጋይ ላይ የእስራኤል ንጉሥ ዘንበሪ ሞዓብን ብዙ ዘመን አስጨነቀ፣ ካሞሽ በምድሩ ተቆጥቶ ነበርና ይላል። ልብ በሉ፣ «አምላካችን ተቆጥቶ አሳልፎ ሰጠን» የሚለው አነጋገር መሳፍንት ላይ የምናነበው ዓይነት ነው፣ የአምላኩ ስም ብቻ ነው የተለየው። የጽሑፉ ቋንቋም ከዕብራይስጥ ጋር እጅግ ይቀራረባል፣ የአንዱን አገር ሰው የሌላው ሰው ሳይቸገር የሚሰማው ዓይነት። ሩትና ኑኃሚን አስተርጓሚ ያስፈለጋቸው አይመስለኝም። ትንሽ የአነጋገር ዘዬ፣ ምናልባት ቤተ ልሔም ያሉ ሴቶች ከኋላዋ የሚስቁባት።

የእንጀራውን ነገር ደግሞ ልመለስበት። ቤተ ልሔም ማለት የእንጀራ ቤት ማለት ነው። በየቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ኅብስቱ የሚጋገርባትን ቤት ቤተ ልሔም የምንላትም ለዚህ ነው። መጽሐፉ የሚጀምረው የእንጀራ ቤት እንጀራ አጥታ ነው። ሞዓብ የተከሰሰው እንጀራ ስላልሰጠ ነው። እና ምን ሆነ? ያቺ ሞዓባዊት ቀኑን ሙሉ ቃርማ፣ ማታ ወቅታ አንድ ኢፍ ያህል ገብስ ተሸክማ ለአንዲት እስራኤላዊት ባልቴት ይዛላት ገባች። ከምሳዋ ያተረፈችውንም አውጥታ ሰጠቻት። ደራሲው ዘዳግም 23ን አንድም ቦታ አይጠቅስም። ገብሱን ብቻ ነው ያሳየን። ለኔ ለሕጉ የተሰጠው መልስ እሱ ነው፣ ሰዋስው ውስጥ መግባት አያስፈልግም።

---

ጥቁር ቡና

እሺ ይሄ ከአበኔር ይሻላል።

---

ሕግ ይከበር

የደብተራ ልጅ፣ ገብሱ ቆንጆ ነው፣ እቀበላለሁ። ግን እናንተ እምነቱን እያቀለላችሁት ነው። ሩት የተቀበለችው ሞዓባዊት ሆና ሳይሆን ካሞሽን ትታ ነው። ኑኃሚን ራሷ «እነሆ ባልንጀራሽ ወደ ሕዝቧና ወደ አማልክቷ ተመልሳለች» ብላታለች። ምርጫው ግልጽ ነበር። ቦዔዝም ልትጠጊበት ከክንፉ በታች የመጣሽው የእስራኤል አምላክ ይላታል። የቃርሚያ አጎት እሷ አምናለች ያሉት ትክክል ነው። ይህ ባይሆን ኖሮ ታሪኩ የለም።

---

ቃርሚያ

ልክ ነህ፣ ግን ቅደም ተከተሉን እየው። የመጀመሪያ ባሏ መሐሎን ያገባት መቼ ነው? ምዕራፍ 1 ቁጥር 4 ላይ። አምላክሽ አምላኬ ያለችው ቁጥር 16 ላይ ነው። በመሃል አሥር ዓመት ያህል አለ። ኑኃሚንም ምራቶቿን የማይሆን ዘር ናችሁ አላለቻቸውም፣ አሥር ዓመት አብራቸው በልታለች። ይልቅ ሁለቱንም እንዲህ ብላ ነው የመረቀቻቸው፣ ለሞቱትና ለኔ እንዳደረጋችሁት እግዚአብሔር ቸርነት ያድርግላችሁ። ሁለቱንም! ዖርፋ ጭምር። ሳያምኑ በፊት ነው ቸርነት አድርገዋል የተባሉት።

ያገቡት ስለሞቱ ቅጣት ነው የሚሉም አሉ አውቃለሁ፣ ጽሑፉ ላይ ግን የለም።

---

የሐይፋዋ

አለ የሚለው ታርጉም ነው፣ የአራማይኩ ትርጓሜ። እንግዳ ሚስት ስላገቡ ዕድሜያቸው አጠረ ይላል። ዕብራይስጡ ላይ ሞቱ ብቻ ነው። ለዖርፋም አልራሩላትም፣ ታልሙድ የጎልያድ እናት አድርጓታል። ምን አደረገች? አማቷ ሂጂ ብላ ሁለት ጊዜ አለመነቻትም? አለቀሰች፣ ሳመቻት፣ ሄደች። የተነገራትን ነው ያደረገችው።

ቸርነት የተባለው ቃል ደግሞ በዕብራይስጥ ሔሴድ ነው፣ እዚህች መጽሐፍ ውስጥ ሦስት ጊዜ ይመጣል። ቸርነት ብቻ አይበቃውም። ያልተገደድክበትን ለሰው መጽናት፣ ከሚጠበቅብህ በላይ መሄድ ማለት ነው። ራቢ ዘይራ ስለዚህች መጽሐፍ ሲናገሩ፣ ስለ ንጽሕና የለባትም፣ ስለ ክልክልና ስለ ተፈቀደ የለባትም፣ ታዲያ ለምን ተጻፈች? ሔሴድ የሚያደርጉ ሰዎች ዋጋቸው ምን ያህል እንደሆነ ልታስተምር ነው ብለዋል።

---

አማት ነኝ

ልጆች፣ እኔ ብዙ አልጽፍም፣ ዓይኔም እጄም ደከመ፣ የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። ሁላችሁም ስለ ሞዓብና ስለ እስራኤል ታወራላችሁ። ሩት ያንን ንግግር የተናገረችው ለሕዝብ አይደለም እኮ። ለአንዲት ሴት ነው። ላዘነች፣ ለመረራት፣ ልጅም ባልም ለሌላት፣ ምንም ልትሰጣት ለማትችል ሴት። መጀመሪያ ያለችው ወደምትሄጂበት እሄዳለሁ፣ በምታድሪበት አድራለሁ ነው። ሕዝቡና አምላኩ ከዛ በኋላ ነው የመጣው። በአማቷ በኩል ነው አምላኳን ያወቀችው።

ኑኃሚን ግን ምን አለች? ቤተ ልሔም ስትገባ ሴቶቹ ኑኃሚን ይቺ ናት ወይ ሲሏት፣ ማራ በሉኝ፣ በሙላት ወጣሁ፣ ባዶዬን መለሰኝ አለች። ሩት አጠገቧ ቆማ! ባዶዬን! እኔም ምራቴን እንደዛ አድርጌያት አውቃለሁ። የሌላ አገር ልጅ ነበረች። ልጄ ሲሞት ሰው ሊያስተዛዝነኝ ሲመጣ ብቻዬን ቀረሁ እያልኩ አለቅስ ነበር፣ እሷ ወጥ ቤት ንፍሮ እየቀቀለች። ሰምታኛለች። ምንም አላለችኝም። አሁን አብራኝ ነች፣ 11 ዓመት ሆናት።

መጨረሻ ላይ ጎረቤቶቹ ናቸው ለኑኃሚን የነገሯት፣ ከሰባት ወንዶች ልጆች የምትሻልሽ ምራትሽ ብለው። እሷ ራሷ አላለችውም። ሰው ነው የነገራት።

---

እንግዳ 23

እማማ 😢

---

ማደባ ዳር

እትዬ፣ ምራትዎን ሳሙልኝ።

---

ጥቁር ቡና

ከእትዬ በኋላ መጻፍ ይከብዳል፣ ግን ስለ እገሌ ሳላነሳ አላልፍም።

ምዕራፍ 4 ላይ ከቦዔዝ የቀረበ ሌላ ዘመድ አለ፣ መቤዠት የሚገባው እሱ ነው። ቦዔዝ በከተማዋ በር አስቀመጠው፣ አሥር ሽማግሌ ጠራ። የኑኃሚን መሬት ሊሸጥ ነው፣ ትገዛለህ? አለው። «እቤዠዋለሁ!» አለ በደስታ። መሬት ነዋ። ቀጥሎ ቦዔዝ፣ መሬቱን የምትገዛ ቀን ሞዓባዊቱን ሩትንም ትወስዳለህ፣ የሟቹን ስም በርስቱ ላይ ታቆማለህ ሲለው፣ ወዲያው «ርስቴን እንዳላበላሽ አልችልም፣ አንተ ተቤዠው» ብሎ ጫማውን አወለቀ። ሰው ሙሉ ሐሳቡን በአንድ ቁጥር ልዩነት ሲቀይር ያየሁት እዚህ ነው።

ርስቱ እንዴት ይበላሻል? አንዳንዱ የሚወለደው ልጅ የመሐሎን ስም ስለሚይዝ ገንዘቡ ከራሱ ልጆች ይወጣል ይላል፣ ያ የሒሳብ ነገር ነው። ሚድራሽ፣ የአይሁድ ሊቃውንት ትርጓሜ፣ ግን ፈርቶ ነው ይላል፣ የፊተኞቹ እነሱን አግብተው ሞቱ፣ እኔም ልሙት እንዴ ብሎ። «ሞዓባዊት» የሚለው ቃል ነው ያስደነገጠው። ቅጣቱ ግን ደስ ይላል። ርስቴ እንዳይበላሽ ያለው ሰውዬ ስሙ እንኳን አልተጻፈም። ዕብራይስጡ ፔሎኒ አልሞኒ ይለዋል፣ በኛው እገሌ ማለት ነው። የሞዓባዊቷ ስም ግን የመጽሐፉ ርእስ ሆነ።

---

ሕግ ይከበር

እገሌን ዛሬ ነው ያስተዋልኩት። ይሄን መቀበል አለብኝ።

ግን ዳዊትን አንሱ እስቲ። ታማኝነት ታማኝነት ትላላችሁ፣ ዳዊት የሩት ልጅ ሆኖ ሞዓብን ምን አደረገ? 2ኛ ሳሙኤል 8 ቁጥር 2። መሬት ላይ አስተኝቶ በገመድ ለካቸው፣ ሁለት ገመድ ለሞት አንድ ገመድ ለሕይወት። የቅድመ አያቱ ሕዝብ እኮ ነው።

---

የደብተራ ልጅ

ይሄ ጥያቄ ከባድ ነው፣ ለማለዘብም አልሞክርም። ይበልጥ የሚያከብደው ደግሞ 1ኛ ሳሙኤል 22 ነው። ሳኦል ሲያሳድደው ዳዊት አባቱንና እናቱን ይዞ የሄደው ወደ ሞዓብ ንጉሥ ነው። እግዚአብሔር የሚያደርግልኝን እስካውቅ ድረስ አባቴና እናቴ ከናንተ ጋር ይቀመጡ አለው። ንጉሡም ተቀበላቸው። አስቡት፣ እሴይ በስተርጅና የአያቱ አገር ገባ። ለምን ሞዓብን መረጠ የሚለውን መጽሐፉ አይነግረንም፣ ግን ዝምድና ያስታወሰ ይመስለኛል። ሞዓብ ያኔ እንጀራና ውኃ ሰጥቷል።

ከዛ ገመዱ። በመካከል ምን ሆነ? የአይሁድ ትውፊት የሞዓብ ንጉሥ ወላጆቹን ስለገደለበት ነው ይላል። ጽሑፉ ላይ የለም። ሰው ከፍቶበት ምክንያት የፈለገለት ነው የሚመስለኝ። ዳዊት ከጀግኖቹ መካከል ይትማ የሚባል ሞዓባዊ እንደነበረው ደግሞ ዜና መዋዕል ይናገራል። ያ ሰው በዚያ ቀን የት ቆሞ ነበር? አንድ ቤት ውስጥ ሩት አለች፣ ገመዱም አለ።

---

የሐይፋዋ

«ክንፍ» የምትለዋን ሳልናገር እንዳልተኛ። ቦዔዝ ከክንፉ በታች ልትጠጊ የመጣሽበት አምላክ ዋጋሽን ይክፈልሽ ብሎ መረቃት፣ ምዕራፍ 2። ምዕራፍ 3 ላይ በሌሊት አውድማው ላይ ሩት የልብስህን ጫፍ በባሪያህ ላይ ዘርጋ አለችው። ዕብራይስጡ ሁለቱም ቦታ አንድ ቃል ነው፣ ካናፍ፣ የኛው ክንፍ። እግዚአብሔር ክንፉን ይዘርጋልሽ ካልክ በኋላ፣ በል ራስህ ዘርጋ እያለችው ነው። ሞዓባዊቷ ምርቃቱን ይዛ መጥታ አስከፈለችው 😄

---

ቃርሚያ

እናንተ ሰዎች ሦስት ቀን ሥራ አላሠራችሁኝም።

ዛሬ አጎቴ ጋ ሄድኩ። ክርክር አልጀመርኩም። ምዕራፍ 4ን ጮክ ብለህ አንብብልኝ፣ ዓይኔ ደክሞኛል አልኩት (አልደከመኝም)። አነበበ። እገሌ ጋ ሲደርስ ቆመ። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው፣ ቀጠለ። ሲጨርስ ምንም አላለኝም። «ልጅቷ የት ነው ያደገችው?» አለኝ። ነገርኩት። «አባቷ አሉ?» አሉ አልኩት። «ርቀቱ ስንት ሰዓት ነው?» አለ።

ቅዳሜ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ይሄዳል። አንድ ነገር ግን አስምሎኛል፣ እዛ ቤት ገብቼ ስለ ቦዔዝ አንዲት ቃል እንዳልተነፍስ።

---

አማት ነኝ

ሲሄዱ ባዶ እጃቸውን እንዳይሄዱ። ዳቦ አስጋግሪላቸው።